አባይን ተሻግሮ የሚመለስ ጠርሙስ፦ የአንድ ደብረ ማርቆስ ግሮሰሪ ጉዳይ

አክስቴ ግሮሰሪ ጓሮ 11 ሳጥን ባዶ ጠርሙስ ተደርድሯል። ፀሐዩም ዝናቡም ስላልማራቸው ቀለማቸው ለቋል። ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ሰማያዊው ወደ አመድ ሄዷል። አክስቴ አንዱን ሳጥን ደፍታ ትቀመጥበታለች። ቡና የምትቆላው እዚያ ላይ ሆና ነው።

«እነዚህ እኮ ብር ነበሩ» ትላለች፣ ምጣዱን እየነቀነቀች።

እውነቷን ነው። በ1990ዎቹ ደብረ ማርቆስ ላይ ባዶ ሳጥን ያለው ሰው የተከበረ ነጋዴ ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ግሮሰሪው ውስጥ እላላካለሁ። ሳጥን እቆጥራለሁ፣ ጠርሙስ አጥባለሁ፣ ቆርኪ እሰበስባለሁ። ቆርኪው ለዳማ ነው። የአንዱ ተጫዋች ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ፊቱን ወደ ታች። ሥራ የሌለ ቀን ጥርሶቹን እቆጥር ነበር፤ 21 ናቸው። ይህን ክዳን ዊሊያም ፔይንተር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ባልቲሞር ላይ እንደፈለሰፈው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ካደግሁ በኋላ የመጣብኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጎጃም ውሃ አጥታ አታውቅም። ጣና አለ፣ አባይ አለ። ባሕር ዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለ። በ1964 የጢስ አባይ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካ የለመደ ሠራተኛም ነበር። ታዲያ ለስላሳ ለምን ያን ሁሉ ዓመት በአይሱዙ ተጭኖ፣ በረሃ ወርዶ፣ በረሃ ወጥቶ መጣልን?

(በነገራችን ላይ አዲስ አበቤ የለስላሳ ሳጥኑን «ካሳ» ይለዋል። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፤ ሳጥን ማለት ነው። ጣሊያን እንግዲህ ሁለት ካሳ ትቶልን ሄዷል። አንዱ ባሕር ዳር ላይ ፋብሪካ ሆነ። በሌላው ጠርሙስ እንደረድርበታለን።)

መሀል ከተማ የተተከሉት

መጀመሪያ ፋብሪካዎቹ የት እንደነበሩ እንይ። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ላይ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በ1965 ድሬዳዋ ተከተለች። የአዲስ አበባው ፋብሪካ ያለው በአብነትና በልደታ በኩል ነው። ሰፈሩ ስሙን ከፋብሪካው ወስዶ ዛሬም «ኮካ» ነው። ፔፕሲ ደግሞ ተክለ ሃይማኖትና ንፋስ ስልክ ላይ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ማለት የመርካቶ ጎረቤት ማለት ነው። ከፋብሪካው የወጣ ሳጥን መርካቶ ለመድረስ ሞተር እንኳ አያሞቅም።

ደርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ወረሳቸው። መንግሥት ሲቀየር ተሸጡ። በግንቦት 1988 ዓ.ም. ሞሐ የሚባለው ድርጅት ሲቋቋም አራት የፔፕሲ ፋብሪካዎችን ይዞ ነው። ንፋስ ስልክ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ጎንደር፣ ደሴ። ዝርዝሩን ልብ በሉት። ጎንደር አለ። ደሴ አለ። ጎጃም የለም።

ለስላሳ ፋብሪካ መሀል ከተማ፣ ቤትና ሱቅ መካከል የሚተከለው በአጋጣሚ አይደለም። ሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበር። ጃኮብ ሽዌፕ ጄኔቫ ላይ እ.ኤ.አ. በ1783 ጋዝ ያለው ውሃ መሸጥ ጀመረ፤ በ1792 ደግሞ ለንደን ሄዶ ፋብሪካ ከፈተ። ጠጪው ወዳለበት ማለት ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋዩ ጋ ይሄዳል። ስኳር ፋብሪካ አገዳው ጋ ይሄዳል። ለስላሳ ግን ጥሬ ዕቃው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ የትም አለ። ስለዚህ የሚሄደው አፍ ወዳለበት ነው። ባሕር ዳር ሐይቅ ስላላት ብቻ ፋብሪካ አይመጣላትም። ስንት ሰው ይጠጣል ነው ጥያቄው።

በእኛ አገር ደግሞ የሚጠጣው ሌላ ነበር። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ። ለልጅና ለማይጠጣ ሰው ቅራሪና ብርዝ። ብርዝ ማለት ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣ ነው። የጎጃም ማር እያለ ማን የስኳር ውሃ ይገዛል? ለስላሳ በር የገባው በሰርግና በጾም ነው። ጾም አይገድፍም፣ አያሰክርም፣ ለቄሱም ለሼኩም ይቀርባል። አክስቴ ግሮሰሪውን የከፈተች ጊዜ ዋና ደንበኞቿ ሰርገኞች ነበሩ። በአዘቦት ቀን የምትሸጠው ለእንግዳና ለታመመ ሰው ነበር።

ሚዛኑ ላይ

ባለፈው ክረምት አንድ ነገር አደረግሁ። ከ11ዱ ሳጥኖች አንዱን ጎረቤት እህል መደብር ወስጄ አስመዘንኩ። ባለሱቁ «ባዶ ጠርሙስ በኪሎ መሸጥ ጀመራችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አንድ ባዶ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 400 ግራም ይመዝናል። በሳጥን 24 ነው። ጠርሙሱ ብቻ 9 ኪሎ ተኩል አካባቢ ሆነ። ሳጥኑ ሲጨመር ከ11 ኪሎ በላይ። አሁን ሙላው። 24 ጊዜ 300 ሚሊ ሊትር፣ 7.2 ሊትር ነው። ሙሉ ሳጥን እንግዲህ 19 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ የሚጠጣው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ወደ መጠጡ እንግባ። በ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ ከ31 እስከ 32 ግራም ስኳር አለ። በሳጥን ሲባዛ 750 ግራም ገደማ ስኳር። ኮንሰንትሬቱ፣ ጣዕሙን የሚሰጠው ቅመም ማለት ነው፣ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የቀረው ውሃና ጋዝ ነው። ጋዙ በብርድና በግፊት ውሃው ውስጥ የሚሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሲሞቅ መውጣት ይፈልጋል። ለብ ያለ ለስላሳ ሲከፈት የሚገነፍለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ እንደምረው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 19 ኪሎ ይመጣል፤ 11 ኪሎ ተኩል ይመለሳል። ይህ ሁሉ ጎማ፣ ይህ ሁሉ ናፍጣ፣ ይህ ሁሉ ፍሬን። በእርግጥ አባይን መሻገር የነበረበት ግን አንድ ኪሎ የማይሞላ ስኳርና ቅመም ነው። ውሃው እዚህ ነበር።

አባይን መሻገር ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ያንኑ ያህል ይወጣል። አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ የተመረቀው ለ2001 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ከዚያ በፊት በጠባቡ አሮጌ ድልድይ ተራ ይጠበቅ ነበር። ከታች ያለው ሙቀት ሌላ ነው። የደጋ ልጅ ካፖርቱን አውልቆ ያልባል። የሹፌሩ ረዳት መኪናው ሲቆም ከኋላ ሄዶ ጆሮውን ይጥላል። የሚሰማው የጠርሙስ ድምፅ ነው። ከተንኳኳ ደህና ነው። ከተንኮሻኮሸ ተሰብሯል።

ባዶ አምጣ

አሁን ወደ ግሮሰሪው ልመለስ። ሕጉ አንድ ነበር፦ ባዶ አምጣ፣ ሙሉ ውሰድ። አሥር ባዶ ሳጥን ካላመጣህ አሥር ሙሉ አታገኝም። አክስቴ በደህና ጊዜዋ 40 ሳጥን ነበራት። ለሳጥኑና ለጠርሙሱ መያዣ ከፍላለች። ያ መያዣ የሱቋ ዋና ካፒታል ነበር። መጠጡ ከዚያ ያነሰ ዋጋ ነበረው።

ጠርሙሱ ታዲያ ቤት አይቀመጥም። አንደኛ ሰርግ አለ። ጥር ሲመጣ ከተማው በሙሉ ሳጥን ይፈልጋል። አክስቴ ደብተር ነበራት። «ሰርግ፣ የሄደ 6፣ የመጣ 5፣ የጎደለ 9 ጠርሙስ» ይላል አንዱ መስመር። ስም አላነሳም፤ ሰውየው ዛሬ ትልቅ ሽማግሌ ነው። ሁለተኛ ላምባ አለ። መብራት በሌለበት ገጠር ላምባ የሚገዛው በለስላሳ ጠርሙስ ነው። ላምባ የነካው ጠርሙስ ደግሞ ከመንገድ ወጣ ማለት ነው። ሽታው በቀላሉ አይለቅም። ሦስተኛው፣ ትልቁ፣ አረቄ ነው። አረቄ አውጪ ጠርሙስ ትፈልጋለች። ያ ወፍራም ጠርሙስ፣ አፉ ጠባብ፣ በቡሽ ወይም በተጠቀለለ ወረቀት የሚደፈን፣ ከሱ የተሻለ የአረቄ ዕቃ አልነበረም። የአዲስ አበባ ፋብሪካ የላከው ጠርሙስ ደንበጫ ወይም አማኑኤል ገበያ ላይ የዳጉሳ አረቄ ተሞልቶ ይገኛል።

የተመለሰውም ሁሉ አያልፍም። ከተማችን ያለው የፋብሪካው ወኪል ጋ አንድ ወጣት ነበር፤ ሥራው ጠርሙስ መፈተሽ ብቻ ነው። አውራ ጣቱን በጠርሙሱ አፍ ዙሪያ በአንድ ጊዜ ያሽከረክረዋል። አያይም፤ በጣቱ ነው። የተሸረፈ ካለ ወደ ግራ ይጥለዋል። የተሸረፈ አፍ ላይ ቆርኪ አይገጥምም፣ ጋዝ አይይዝም። ከዚያ አፍንጫውን ይሰካል። ላምባ ከሸተተው እንዲሁ ወደ ግራ። በቀን ስንት መቶ ጠርሙስ እንደዚያ ይዳስስ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል። አውራ ጣቱ ላይ ሁልጊዜ ፕላስተር ነበረው።

ያለፈው ጠርሙስ አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ፈተና አለበት። ሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ይነከራል፣ ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ በብርሃን ፊት ያልፋል። ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ይሞላል፣ ይከደናል። ከዚያ ደግሞ ወደ በረሃው።

ለረጅም ጊዜ ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው። ጥር ላይ «ለስላሳ ጠፋ» ይባል ነበር። ሰው ፋብሪካው ያጎደለብን ይመስለው ነበር። የጠፋው ጠርሙሱ ነው። ሳጥኑ ሁሉ ዳስ ስር ተደርድሮ፣ ሰርገኛው እስኪበተን ይጠብቃል። መርካቶ ያለ ሳጥን ዛሬ ተሽጦ ነገ ባዶውን ፋብሪካ ይደርሳል። ደብረ ማርቆስ የመጣ ሳጥን ግን መኪና እስኪሞላ፣ ሰርግ እስኪያልቅ፣ ድልድይ እስኪታለፍ ሳምንታት ይፈጅበታል። ያው አንድ ጠርሙስ እዚህ አንዴ እስኪጠጣ መርካቶ ላይ ደጋግሞ ይሸጣል። እኔ የፋብሪካ ባለቤት ብሆን ጠርሙሴን ወዴት እልካለሁ? መልሱ ደስ አይልም። ግን እውነቱን ለመናገር እኔም መርካቶ ነበር የምልከው።

ጎጃም ፋብሪካ ያስፈለጋት ለውሃው አልነበረም የምለው ለዚህ ነው። ያስፈለጋት ጠርሙሱ ቶሎ እንዲዞር ነው። ባሕር ዳር ከደብረ ማርቆስ ይሻላታል። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመካከል በረሃ የለም። ደብረ ማርቆስ ግን ከሁሉም ሩቅ ነበረች። ቅርቧ አዲስ አበባ፣ መንገዷ አባይ።

አክስቴን የጎዳት ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ወኪሉ ተቀየረ። አሮጌው ወኪል ዘግቶ ሄደ። አዲሱ መጣ። አክስቴ የመያዣ ደረሰኟን ይዛ ሄደች። በእጅ የተጻፈ፣ ማህተሙ የደበዘዘ ወረቀት ነው። «እትዬ፣ ይሄ የኛ አይደለም» አሏት። ወዲያ ወዲህ አለች። ሽማግሌ ላከች። ምንም። ሳጥኖቹ እጇ ላይ ስላሉ መጠጥ መውሰድ ትችላለች፤ ግን ልዝጋ ብትል መያዣውን የሚመልስላት የለም። ገንዘቧ ጠርሙስ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠርሙስ ሲሰበር ፊቷ ሲለወጥ አይ ነበር። በልጅነቴ የቀመስኩት የመጨረሻ ኩርኩም በአንድ ሚሪንዳ ምክንያት ነው።

ሃይላንዱ መጣ

ከዚያ ፕላስቲኩ መጣ። እኛ አገር ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ «ሃይላንድ» ነው፤ የመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጡት የታሸጉ ውሃዎች አንዱ ስሙን ጥሎበት ሄደ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ባዶው 20 ወይም 25 ግራም ቢሆን ነው። ከብርጭቆው ጋር ይነጻጸር፤ 400 ግራም! አይመለስም፣ አይታጠብም፣ አይሸረፍም። መያዣ የለው፣ ደረሰኝ የለው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ታዲያ ጠርሙስ መመለስ ከቀረ ፋብሪካ ጎጃም መምጣቱ ለምን አስፈለገ? ከአዲስ አበባ አይጫንም?» ሊል ይችላል። እኔም ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ውሃው አሁንም ውሃ ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ፕላስቲኩ ደግሞ ወደ ፋብሪካ የሚመጣው ተነፍቶ አይደለም። ጣት የምታክል፣ ወፍራም፣ የላቦራቶሪ ቱቦ የምትመስል ሆና ነው። እዚያው በሙቀትና በአየር እንደ ፊኛ ትነፋለች። አንድ መኪና የጫናት ያልተነፋች ፕላስቲክ ስትነፋ መኪኖች ትሞላለች። እንግዲህ ቱቦውንና ኮንሰንትሬቱን አምጥቶ ውሃውን ካለበት መቅዳት ነው። ያ እኔ ሚዛን ላይ ያየሁት ሒሳብ፣ በመጨረሻ የሠራለት ሰው አገኘ።

ኮካ ኮላን የሚሞላው ምሥራቅ አፍሪካ ቦትሊንግ ባሕር ዳር ላይ ፋብሪካ ከፈተ። ሞሐ ደግሞ ቡሬ ላይ። የቡሬ መመረጥ ለኔ ደስ ይላል። ቡሬ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ አባይን በታች በኩል ተሻግሮ ወደ ነቀምት። እንደ ተክለ ሃይማኖቱ ፋብሪካ መሀል ሰፈር አይደለም የሚታሰበው፤ ዘንድሮ ፋብሪካ የሚፈልገው የጭነት መኪና የሚዞርበት ሰፊ ቦታ ነው። መሀል ከተማ መሬት ውድ ነው፣ ትልቅ መኪና ቀን አይገባም፣ የእጥበት ውሃም መውጫ ይፈልጋል። ከቡሬ ደብረ ማርቆስ 110 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በረሃ የለም። ጆሮ የሚጥል ረዳት አያስፈልግም።

ነገሩ ሁሉ ግን አልተሻገረም። ኮንሰንትሬቱና ያልተነፋው ፕላስቲክ ዛሬም በመንገድ ነው ጎጃም የሚገባው። መንገድ ሲዘጋ የለስላሳ ዋጋ ምን እንደሚሆን የጎጃም ሰው ያውቀዋል፤ አላብራራም። ደግሞም ብርጭቆው ሲሄድ ቆሻሻው መጣ። ድሮ ወንዝ ዳር የለስላሳ ጠርሙስ ወድቆ ያገኘ ልጅ ሮጦ አክስቴ ጋ ይመጣል። ዋጋ አለው። ዛሬ ሃይላንዱ ቦይ ደፍኖ ይውላል፣ ማንም አይጎነበስለትም።

አክስቴ ዛሬም ለስላሳ ትሸጣለች። በፕላስቲክ የተጠቀለለውን እሽግ ልጁ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ያወርድላታል። ሒሳቡ ያልቃል፣ መኪናው ይሄዳል። ባዶ የሚል ቃል አይነሳም። ደብተሯ የዕድር ስም ይጻፍበታል።

ባለፈው ጥቅምት ከገጠር የመጣች አንዲት አረቄ አውጪ ጓሮ ስትገባ ሳጥኖቹን አየች። እኔ አለሁ፣ ቡናው እየተቆላ ነው።

«እትዬ፣ እነዚህን ይሸጧቸዋል?»

አክስቴ ቀና አለች። ዓይኗ ላይ የድሮው ነጋዴ ብልጭ ሲል አየሁት።

«በስንት ልትወስጃቸው ነው?»

«ጠርሙሱን አይደለም። እኔ አረቄዬን በሃይላንድ ነው የማወጣ። ሳጥኑን ነው፤ ጫጩት ላድርግበት።»

አክስቴ ምጣዱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ሳጥን ያለ ጠርሙሱ አይሸጥም» አለቻት።

ሴትየዋ ሳቀች። የአክስቴ ግን ቀልድ አልነበረም። ቡናውን ወደ መቆላቱ ተመለሰች።